አንድ ሺህ ነው ወይስ አንድ ሺህ ሦስት መቶ? የትንሽ መኪና ሞተር አመራረጥ

ትንሽ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ ሞዴል፣ ቀጥሎ ቀለም። ሞተሩ ላይ ሲደርስ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፦ «ቤንዚን ትቆጥባለች?» ደላላው መልሱ በእጁ ነው። «አንድ ሺህ ሲሲ ናት፣ ሽታው ይበቃታል» ይላል።

እኔም የመጀመሪያዋን መኪናዬን የገዛሁት በዚሁ ቃል ነው። የቶዮታ ቪትዝ ነበረች፣ 1.0፣ ማለትም አንድ ሺህ ሲሲ (ሲሲ የሞተሩ ሲሊንደሮች ይዘት መለኪያ ነው)። ከቤት እስከ ሥራ ብቻዬን ስሄድባት አንድ ቀን አላስቸገረችኝም። ቤተሰብ ጭኜ ወደ ጎጃም ስወጣ ግን የዓባይ በረሃን ከድልድዩ እስከ ደጀን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ጨረስኩት። ከኋላዬ የመኪና ሰልፍ፣ ከኋላ ወንበር ላይ «እመብርሃን» የምትል እናቴ። የሙቀት መለኪያው ላይ አፍጥጬ ነው የወጣሁት። መኪናዋ ምንም አላጠፋችም። ለዚያ ጭነትና ለዚያ ዳገት አልነበረችም፤ እኔም ቀድሜ አላሰላሁም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወይም ጓደኛ መኪና ሲገዛ አብሬ እሄዳለሁ፣ ስሌቱንም አብረን እንሠራለን። እዚህ ላይ ያን ስሌት በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት አዲስ አበባ ላይ በየቀኑ ከምናያቸው ነው፦ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየር፣ ኮሮላ።

ደረጃ 1፦ መንገዳችሁን ጻፉ

መኪና ከማየታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። የአንድ ሳምንት መንገዳችሁን ጻፉ። ከየት ወዴት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ከስንት ሰው ጋር። ከዚያ በዓመት ስንት ጊዜ ከከተማ እንደምትወጡና በየት በኩል እንደምትወጡ ጨምሩ። ወደ አዳማ መውረድና ወደ ደብረ ብርሃን መውጣት ለሞተር አንድ አይደለም።

ይህን ጊዜ ማጥፋት የሚመስለው ሰው አለ። ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ወረቀት ላይ ነው። በተለይ «ከስንት ሰው ጋር» የሚለውን በእውነት ሙሉ። ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው፣ በራይድ ሊሠራ ያሰበ ሰው እና ብቻውን ቢሮ የሚመላለስ ሰው አንድ ዓይነት ሞተር አያስፈልጋቸውም።

ደረጃ 2፦ ሞተሩን በስሙ እወቁት

«ቪትዝ 1.3» የሚባል አንድ ሞተር የለም። ከ1999 እስከ 2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተሠራችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ላይ 1.3 የሚባለው በብዛት 2ኤንዜድ ነው፣ 1298 ሲሲ። በሁለተኛዋ፣ እስከ 2010 በተሠራችው ላይ፣ በብዛት 2ኤስዜድ ነው፣ 1296 ሲሲ። በሦስተኛዋ 1ኤንአር ነው፣ 1329 ሲሲ። ጉልበታቸው ይቀራረባል። ሁለቱ 87 የፈረስ ጉልበት አላቸው፣ ሦስተኛው 95 አካባቢ። መለዋወጫቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱን ገዝታችሁ ለሌላው ልግጠም ብትሉ አይሆንም።

1.0ውም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ባለ አራት ፒስቶን 1ኤስዜድ ነበራት። ከ2005 ወዲህ ያሉት ባለ ሦስት ፒስቶኑን 1ኬአር ነው የያዙት፣ 996 ሲሲ። ባለ ሦስት ፒስቶን ሞተር ቆሞ ሲሠራ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። መሪው ከተንቀጠቀጠና ዳሽቦርዱ መንኳኳት ከጀመረ ግን ሞተሩን የሚይዘው ጎማ አልቆ ሊሆን ይችላል።

የሞተሩን ስም የት ታገኙታላችሁ? ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። የቶዮታ ሞተር ቁጥር የሚጀምረው በሞተሩ ስም ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱም የተለጠፈ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ፣ ሞዴሉና ሞተሩ ተጽፎበታል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ደላላው የሚለው ሌላ፣ ሰሌዳው የሚለው ሌላ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አገራችን ውስጥ 1.0 እና 1.3 የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤክሳይስ ታክሱ ድንበር 1300 ሲሲ ላይ፣ ቀጥሎም 1800 ሲሲ ላይ ነበር። ከድንበሩ በታች ያለ መኪና ሲገባ ብዙ ብር ይቀንሳል። ስለዚህ ገበያው ላይ የምታዩት ምርጫ ለእኛ ዳገት ተብሎ የተመረጠ አይደለም። ለታክስ የተመረጠ ነው። ለዳገቱ የሚስማማውን መለየት የእናንተ ሥራ ነው።

ደረጃ 3፦ ከፍታውን ቀንሱ

አብዛኛው ገዢ የሚዘለው ይህን ነው። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድመዋለሁ።

በመጽሐፍ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለ አየር ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚንም ያንሳል። ስለዚህ ጉልበቱ ሩብ ያህል ይጎድላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የተጻፈውን ቁጥር በ0.75 አባዙት። 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ቪትዝ 1.0 አዲስ አበባ ላይ 52 አካባቢ ይኖራታል። 87ቱ 65 ይሆናል። የያሪስ 1.5፣ 1ኤንዜድ የሚባለው፣ ከ106 እስከ 110 ተብሎ ይጻፋል። እዚህ 81 አካባቢ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ 3,000 ሜትር ታልፋላችሁ። እዚያ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል።

ይህን ስታዩ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ 1.3 የሚሰጣችሁ ጉልበት ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ከ1.0 ከሚያገኘው እንኳ ያንሳል። ጃፓን ወይም ዱባይ የሚኖር ዘመድ «1.0 በቂ ነው» ቢላችሁ አልዋሸም። የእሱ አየር ሌላ ነው።

ካርቡራተር ያለው የድሮ መኪና ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ቤንዚኑን በአየሩ ልክ አይቀንስም። ለከፍታው ካልተስተካከለ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ቤንዚንም ያባክናል። በኮምፒውተር የሚረጨው ሞተር ግን ራሱ ያስተካክላል።

ደረጃ 4፦ ጉልበቱን ለክብደቱ አካፍሉ

ሲሲ ብቻውን ምንም አይናገርም። ጥያቄው ያ ጉልበት ስንት ኪሎ ይጎትታል ነው። የባዶ መኪናውን ክብደት ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በሞዴሉ ዝርዝር ላይ ይገኛል። የሰዎቹን ክብደት ጨምሩ። አንድ ሰው 70 ኪሎ ብንል አምስት ሰው 350 ኪሎ ነው። ከዚያ በከፍታ የተቀነሰውን ጉልበት ለጠቅላላው ክብደት በቶን አካፍሉ።

እንሥራው። ሁለተኛዋ ቪትዝ 1.0 ባዶዋን 980 ኪሎ ገደማ ናት። አምስት ሰው ሲጫን 1,330 ይሆናል። 52ን ለ1.33 ስናካፍል በአንድ ቶን 39 የፈረስ ጉልበት ይደርሳታል። የቪትዝ 1.3 ክብደት 1,010 ገደማ ነው። በአምስት ሰው 1,360፣ ውጤቱ 48። ያሪስ 1.5 ወደ 1,050 ትጠጋለች፣ በአምስት ሰው 1,400። ውጤቷ 58።

አሁን ሱዙኪ ዲዛየርን ተመልከቱ። ሞተሯ 1.2 ነው፣ 1197 ሲሲ፣ 83 የፈረስ ጉልበት። በወረቀት ላይ ከቪትዝ 1.3 ታንሳለች። ክብደቷ ግን 880 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው። በከፍታ 62 ጉልበት፣ በአምስት ሰው 1,230 ኪሎ፣ ውጤቱ 50። ከ1.3ቷ በለጠች። ሲሲ የሚቆጥር ሰው ይህን አያየውም።

አሁን ደግሞ ቪትዝ 1.0ን ሹፌሩ ብቻ ሆኖ አስሏት። 52ን ለ1.05 ስናካፍል 50 ነው። ይህ ማለት ብቻውን የሚነዳ ሰው በ1.0 የሚያገኘው አቅም፣ 1.3 አምስት ሰው ጭና ከምታገኘው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ 1.0 መጥፎ ሞተር አይደለም። ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለሚሄድ የከተማ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ነው። ወደ ደረጃ 1 ወረቀት ተመለሱና የትኛው እናንተ እንደሆናችሁ ተመልከቱ።

በእኔ ልምድ በአንድ ቶን ከ40 በታች የሆነ መኪና ረጅም ዳገት ላይ ይቸገራል። ከ45 በላይ ከሆነ ተረጋግታችሁ ትወጣላችሁ። ከ55 በላይ ከሆነ ቀድማችሁ ለማለፍም ድፍረት ይኖራችኋል። አውራ ጎዳና ላይ ከባድ መኪና ለማለፍ የሚፈጀው ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ይህን ቁጥር እንደ ምቾት ብቻ አትዩት።

ቶርክ የሚሉትም አለ፣ የመጎተት ኃይሉ ማለት ነው። 1ኬአር 94 ኒውተን ሜትር ገደማ አለው፣ 2ኤስዜድ 116፣ 1ኤንዜድ 140 አካባቢ። ቁጥሩ ሲያድግ ከፍ ባለ ማርሽ፣ ሞተሩን ሳታስጮኹ መውጣት ትችላላችሁ። ተራራ ላይ ሞተር የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በጩኸትና በሙቀት ነው።

ደረጃ 5፦ ዳገት ላይ ፈትኑ

ሻጭ መኪና የሚያስሞክረው ቀለበት መንገድ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ይሮጣል። እናንተ ዳገት ምረጡ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት ሦስት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ኤሲ ካለው አብሩት።

ዳገቱ መሀል ላይ ቁሙ። ከዚያ ተነሡ። ማንዋል ካንቢዮ ከሆነ ፍሪሲዮን ሳይሸት፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ይነሣል? በሁለተኛ ማርሽ ፍጥነት ይጨምራል ወይስ እየደከመ ይሄዳል? አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ ሲቀይር ያመነታል? የሙቀት መለኪያው ከመሀል ከፍ አለ?

ሁለቱን አማራጮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳገት፣ በአንድ ዓይነት ጭነት ብትሞክሩ ጥሩ ነው። ዛሬ አንዱን፣ በሳምንቱ ሌላውን ከሞከራችሁ ስሜቱ ይጠፋባችኋል።

ደረጃ 6፦ ቤንዚኑን ራሳችሁ ለኩ

«በሊትር ሃያ ትሄዳለች» የሚል ወሬ ብዙ ነው። ማንም አልለካውም። ያንኑ መኪና የያዘ ጓደኛ ወይም ጎረቤት ካለ እንዲህ እንዲለካላችሁ ጠይቁት። ታንኩን ፓምፑ ራሱ እስኪቆም ድረስ ይሙላ። የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ ያድርግ። ቢያንስ 250 ኪሎ ሜትር እንደ ልማዱ ይንዳ። ከተቻለ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ይሙላ። የሄደውን ኪሎ ሜትር አሁን ለገባው ሊትር ያካፍል። በቃ።

አሁን ልዩነቱን ወደ ብር እንቀይረው። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ እንበል። 1.0ዋ በሊትር 14 ብትሄድ 857 ሊትር ትፈጃለች። 1.3ቷ 12 ብትሄድ 1,000 ሊትር። ልዩነቱ በዓመት 143 ሊትር ነው። በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዙት። ከዚያ ይህን ብር በሁለቱ መኪናዎች የዋጋ ልዩነት ጎን አስቀምጡት። «በጣም ቆጣቢ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ልኩን ያገኛል።

ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ይቆጥባል ማለትም አይደለም። 1.0 ሞልታ ዳገት ስትወጣ እስከ መጨረሻው ነው የምትረገጠው። ልዩነቱ ይጠብባል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ቆጣቢነቷ የሚታየው ቀላል ጭነት ይዛ በትራፊክ መሀል ስትሄድ ነው።

ደረጃ 7፦ የሞተሩን ጤና አስቀድሙ

በስሌት የተሻለ ሞተር ታሞ ከሆነ ደካማው ጤነኛ ይበልጠዋል። ስለዚህ ሁለት መኪና ስታነጻጽሩ የሁለቱንም ጤና እዩ።

መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሂዱ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ሰው ይቁም። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ የፒስቶኑ ፋሻ ወይም የቫልቩ ጎማ አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጢስ ውኃ ወደ ፒስቶን እየገባ እንደሆነ ይጠቁማል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጥቁር ጢስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ አስለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ከፍታ ላይ የኮምፕሬሽን ቁጥር መጽሐፉ ከሚለው ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ምክንያቱም የሚጨመቀው አየር ራሱ ስስ ነው። ስለዚህ ፒስቶኖቹን እርስ በርስ አነጻጽሩ። በአንዱና በሌላው መሀል ከ1 ባር በላይ ልዩነት ካለ ተጠንቀቁ።

የታይሚንጉን፣ የፒስቶንና የቫልቭን እንቅስቃሴ የሚያገናኘውን፣ ዓይነት ጠይቁ። ከላይ የጠቀስኳቸው የቪትዝና የያሪስ ሞተሮች ሁሉ ሰንሰለት ነው ያላቸው። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እንደ 4ኢ እና 5ኤ ያሉት የድሮ ኮሮላ ሞተሮች ግን ቺንጋ ናቸው። ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ኮሮላ 1.8 እያያችሁ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 በፊት የተሠራው 1ዜድዜድ ሞተር ዘይት በመብላት በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ፒስቶኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ይደፈናሉ። ዘይቱ ዝቅ ብሎ እንደሆነ በመለኪያው ዘንግ እዩ፤ ሞተሩ ወርዶ ፒስቶን ተቀይሮለት እንደሆነም ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ መለዋወጫውን ጠይቁ

ይህ አጭር ነው። ሶማሌ ተራ ውጡና ለሁለቱም ሞተሮች አራት ዕቃ ዋጋ ጠይቁ፦ ካንዴላ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የሞተር መያዣ ጎማ፣ የጓርኒሲዮን ስብስብ። ሦስት ሱቅ ከገባችሁ ይበቃል። ዋጋው ብቻ ሳይሆን «አለ» ወይም «ይታዘዝ» መባሉም ይመዝናል። ከዚያ የምታምኑትን መካኒክ ያንን ሞተር ፈትቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

ደረጃ 9፦ ናፍጣና ኤሌክትሪክም ካሰባችሁ

አልፎ አልፎ የያሪስ ወይም የኮሮላ 1.4 ናፍጣ ታገኛላችሁ፣ 1ኤንዲ የሚባለው። ቱርቦ ስላለው ከፍታው ብዙ አይጎዳውም። ቶርኩ ከ1.5 ቤንዚኑ በግልጽ ይበልጣል። ለረጅም መንገድ የማደንቀው ሞተር ነው። ግን ኢንጀክተሩ ቆሻሻ ናፍጣ አይወድም፣ ሲበላሽም ጥገናው ውድ ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን በጊዜው የማትቀይሩ ከሆነ ተዉት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ አዲስ ትንሽ መኪና ያየ ሰው የሚያየው ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። ስለዚህ በ0.75 አታባዙት። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲገል 75 የፈረስ ጉልበት አላት። እንጦጦ ላይም 75 ነው። ክብደቷ 1,200 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በአምስት ሰው 48 ይወጣታል፣ ልክ እንደ ቪትዝ 1.3። ከቆመችበት ስትነሣ ግን ትበልጣታለች፣ ቁልቁለት ላይም ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። የእሷ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማታ የት ትሰካለች? ግቢ ላለው ቀላል ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ግን መጀመሪያ መፈታት ያለበት ይህ ነው።

ደረጃ 10፦ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጉ፣ ከዚያ ፈርሙ

አሁን ለእያንዳንዱ መኪና አምስት ነገር አላችሁ። በአንድ ቶን የሚደርሰው ጉልበት፣ የዓመት ቤንዚን በብር፣ የኮምፕሬሽን ውጤት፣ የአራቱ መለዋወጫ ዋጋ እና የመኪናው ዋጋ። በአንድ ገጽ ላይ ጻፏቸው። ለባለቤታችሁ ወይም ለወንድማችሁ አሳዩ። ከመኪናው ጋር ፍቅር ያልያዘው ሰው ቶሎ ያያል።

ከወሰናችሁ በኋላ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ኮፈኑን አንድ ጊዜ ክፈቱ። ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ሞተር የተቀየረባቸው መኪናዎች አሉ። በሕግ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ከተመዘገበ ችግር የለውም። ካልተመዘገበ ግን ስም ማዛወር ላይ ትቆማላችሁ። ከዚያም በላይ፣ እስካሁን ያሰላችሁት ሁሉ የሌላ ሞተር ስሌት ነው።